ተራ ቀን ፍለጋ

ቅዳሜ፣ የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነበር። እማዬን ይዤ በሌሊት ሄድን፣ አስቀደስን፣ ተመልሰን ቡና ጠጣን። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስንወጣ የ71 ዓመቷ እማዬ ምንም አልመሰላትም፤ እኔ በ43 ዓመቴ አለከለክሁ። «ምነው?» አለችኝ። «ሥራው ነው» አልኳት።

እሷ ጋደም ስትል «ቆሻሻ ልጥል» ብዬ ወጣሁ። በእኛ ቤት ቆሻሻ መጣል ማለት ሲጋራ ማለት ነው። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከገንዳዎቹ አጠገብ፣ አንዷን ለኮስኩና በሌላ እጄ ስልኬን ከፍቼ ለማቆም የትኛው ዘዴ እንደሚሻለኝ ፈለግኩ። እየበሉ ስለ ጾም ማውራት ይመስላል፤ ግን ሐሳቡ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እያጨስኩ ነው።

መጀመሪያ የወጣልኝ ስድስት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። መሠረቱን የጣለው ካርል ፋገርስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1978። በ1991 ተሻሻለና ስድስት ጥያቄ ሆነ። ቀጥዬ ባየኋቸው ዘዴ የሚያስመርጡ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ሁሉ መጠይቁን ራሱን ወይም ከሱ የተወለደ አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ታጨሻለሽ?» አይደለም። እሱንማ ለምጄዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ፎርም ላይ «አይ» እያልኩ 12 ዓመት ሆነኝ፣ ፎርሙን የምትቀበለኝ ልጅ ሐበሻ ናት። ይሄኛው የሚለው «ከነቃሽ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያዋን ትለኩሻለሽ?» ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ እስከ ሠላሳ ደቂቃ 2፣ እስከ አንድ ሰዓት 1፣ ከዚያ በላይ ዜሮ። ሰው እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። እማዬ ሳትመጣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ነበር የምለኩሰው። አሁን ሻይ አፍልቼ፣ እሷን ደህና አደርሽ ብዬ፣ የቆሻሻ ከረጢት ፈልጌ እስክወጣ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ለካ ሳታውቀው አንድ ነጥብ ቀንሳልኛለች።

ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። በተከለከለ ቦታ ሳታጨሺ መቆየት ይከብድሻል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ሰዓት ቆሜ ሐራራ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ከደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ በሚወስደው አውሮፕላን ግን አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ የወንበሩን እጀታ ስቧጥጥ ነው የምደርሰው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ቀላል ናቸው፤ መተው የሚከብደኝ የጠዋቷ ነው፣ በቀን 12 አጨሳለሁ፣ ከቀኑ ይልቅ ጠዋት አላበዛም፣ ባለፈው ዓመት ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎኝም አጭሻለሁ። ድምሩ ቤተ ክርስቲያኗን ከቆጠርኩ 5፣ አውሮፕላኑን ከቆጠርኩ 6 ከ10። መካከለኛ ሱሰኛ። መካከለኛ የሚለው ቃል ለምን እንዳስከፋኝ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

የማታ ሺፍት። ጋራዡ ከምድር በታች ሁለት ፎቅ ነው፤ እኔ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ መኪና ያስገባሉ፣ ያወጣሉ። ሦስት ጊዜ ለማጨስ ወጥቼ ስመለስ በዓይናቸው ተከተሉኝ። እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

«እኔ እኮ በአንድ ቀን ነው የጣልኩት» አሉኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። በደርግ ጊዜ ኒያላ በቀን ሁለት ፓኬት ያጨሱ ነበር። «ፓኬቱን ድልድይ ላይ ሆኜ ወረወርኩት። መድኃኒት የለ፣ ማስቲካ የለ። ቁርጥ ማለት ነው።»

«ከዚያ በፊትስ ሞክረው ያውቃሉ?»

ዝም አሉ። አንድ ቀይ መኪና አስወጥተው ተመለሱ። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ልጃቸው ሲወለድ፣ ሲታመሙ፣ ስደት ሲወጡ ካርቱም ላይ፣ እዚህ በመጡ በሁለተኛው ዓመት… አምስት ሆነ። ስድስተኛዋ ናት ድልድዩ ላይ የተወረወረችው። ታሪኩ ሲነገር አምስቱ ይቀራሉ።

ጥናቶቹ የሚሉት፣ ያለ ምንም እርዳታ ቁርጥ አድርገው ከሚያቆሙ መቶ ሰዎች ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚዘልቁት ከሦስት እስከ አምስቱ ናቸው። ይሄን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ከመቶ ሦስቱ ውስጥ መሆን ለሰው ክብሩ ነው።

ለንደን ያለችው ታናሽ እህቴ የነሱን መሣሪያ ላከችልኝ፣ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ የሚያቀርበውን። መልሶቼን ሞላሁበት። ከሚለጠፈው የኒኮቲን ፓችና ከኒኮቲን ማስቲካ ጎን ቬፕንም፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን፣ አማራጭ ብሎ ሰጠኝ። እንግሊዞች በ2023 አንድ ሚሊዮን አጫሽ ሲጋራውን ጥሎ ቬፕ እንዲይዝ መነሻ ዕቃውን በነጻ እንሰጣለን ብለዋል። ያንኑ መልስ ወደ አሜሪካኖቹ ይዤ ስመጣ ቬፕ የለም። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ለማቆሚያነት ያጸደቀው አንድም ቬፕ ስለሌለ ስሞክፍሪ የሚባለው የብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት መሣሪያ ወደሱ አይመራም። ሳንባው ያው የእኔ ነው፤ ውቅያኖስ ሲሻገር ምክሩ ይለወጣል። ለእህቴ «አንቺ ጋ ብሆን ይሄኔ የእንጆሪ ጭስ እያወጣሁ ነበር» ብዬ ጻፍኩላት። የሳቀችበትን ምልክት ብቻ ላከች። እሷ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የምናውቀውን አናወራም እንጂ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

የአሜሪካኖቹ መሣሪያ ዕቅድ ያሠራል። በቀን ስንት? 12። ፓኬቱ ስንት ነው? እኔ የምገዛው ድልድዩን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ነው፤ እዚያ የግዛቱ ታክስ በፓኬት 60 ሳንቲም ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ 3 ዶላር ከ75። በ8 ዶላር ሞላሁት። ቁልፉን ስጫን በዓመት 1,752 ዶላር አለኝ። ክረምት ካልሆነ የአገር ቤት ደርሶ መልስ ቲኬት ነው። ለቤንዚንና ለድልድዩ መጨናነቅ የሚጠይቅ ሣጥን የለም።

ከዚያ ዘዴዎቹ መጡ። ፓች፣ ማስቲካ፣ የሚመጠጥ ከረሜላ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኙት ቫረኒክሊንና ቡፕሮፒዮን፣ የስልክ ምክር። ቫረኒክሊን ኒኮቲን የሚቀመጥበትን የአንጎል ወንበር ቀድሞ ይይዛል፤ ሲጋራ ሲመጣ መቀመጫ ያጣል። ከሁሉ ጠንካሮቹ እሱና ፓችን ከማስቲካ ጋር አጣምሮ መያዝ ናቸው ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ።

ለምን? መሣሪያው የጤናዬን ሁኔታ፣ የእንቅልፌን፣ የጭንቀቴን ጠይቆኛል። እውነተኛውን ምክንያት የሚያስገባ ቦታ ግን አልነበረውም። ቫረኒክሊንን የሚጽፍልኝ ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ ጋ ፎርም አለ፤ ፎርሙን የምትቀበለው ልጅ እሑድ እሑድ ከእማዬ ጎን ነው የምትቆመው። የስልክ ምክር ድምፅ አለው። ከረሜላው ይሸታል። ፓች ግን እጅጌ ሥር ይገባል። ስለዚህ የትኛው ዘዴ ይሻላል ሳይሆን የትኛው አይታይም ብዬ ነው የመረጥኩት። ቀጥሎ «የሚያግዙሽን ሰዎች ስም ጻፊ፣ የምታቆሚበትን ቀን ንገሪያቸው» የሚል መጣ። ማቆሜን ለመናገር መጀመሪያ ማጨሴን መናገር አለብኝ። ባዶውን አለፍኩት። መሣሪያው አልተቆጣም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

እማዬ ቴሌቪዥኑ ላይ የአድዋን በዓል ስታይ እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ደወልኩ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መላውን አገር የሚያገለግል ነጻ ቁጥር አለ፤ ሲደወል ወደየግዛቱ መስመር ያዞራል። ድምፅ አለው ብዬ የፈራሁትን ነገር የደወልኩት ፓቹን በፖስታ በነጻ ይልካሉ ስለተባለ ነው። እንግሊዝኛዬ ለጋራዥ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አስተርጓሚ ጠየቅኩ።

ጠይቄ ወዲያው ተጸጸትኩ። «ጤና ይስጥልኝ» ያለችው ድምፅ የማውቃት የማውቃት መሰለኝ። እዚህ ከተማ ሐበሻ ሁሉ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ገበያ፣ ወይ ለቅሶ ቤት ይተዋወቃል። ድምፄን ወፈር አደረግኩ፤ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

አማካሪዋ ስትናገር አስተርጓሚዋ «ፍላጎት ሲመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ።

«የምን ፍላጎት?»

«የ… የማጨስ ፍላጎት።»

«ሐራራ ማለትሽ ነው?»

ትንሽ ዝም ብላ ሳቀች። «አዎ፣ ሐራራ» አለችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ለአማካሪዋ ቃል እያጣራን እንደሆነ ስታስረዳ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ሁሉ ቀለለ። ፍላጎት ያለው ሰው ጫማ ይገዛል፤ ሐራራ ያለበት ሰው በዝናብ ቆሻሻ ገንዳ ሥር ይቆማል። ሦስት ደቂቃ ከታገሥኩት፣ ቢበዛ አምስት፣ ማዕበሉ እንደሚያልፍ ነገሩኝ።

«ከቤት የሚያግዝሽ ሰው አለ?» ሲሉኝ «እናቴ አለች» አልኩ፤ የጠየቁት ማን አለ ስለመሰለኝ ሳይሆን አፌ ቀድሞኝ ነው። «እሷ ግን አታውቅም።» አስተርጓሚዋ ይሄን ስትተረጉም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ማንነቴን ብታውቅ እንኳ እንደማትናገር በዚያች አንዲት ድምፅ ገባኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ቀን መምረጥ አለብኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይላል፤ ራቅ ካለ ልብ ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ የመጣልኝ መጋቢት 2 ነበር፣ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ሰኞ። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ሲጋራውን በአንድ ላይ። ሁለት ቀን አስደስቶኝ ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ጾም ይፈታል። ሚያዝያ 27 ሌሊት ዶሮው ሲወጣ እኔስ ምን ልፈስክ ነው? ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ በጾም አቁሜ ሁለቱንም ጊዜ በፋሲካ ዕለት ገንዳው ጋ ቆሜያለሁ። 55 ቀን ችያለሁ፤ 56ኛውን ነው ያቃተኝ።

ስለዚህ ከምንም ጋር የማይገናኝ ተራ ቀን ፈለግኩ። ኦፍ የምሆንበት ሐሙስ፣ መጋቢት 5። መሣሪያው ውስጥ አስገባሁት። ዞር ብዬ የግድግዳውን ካላንደር ሳይ መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ነው። በእኛ ካላንደር ተራ ቀን የለም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ፓቹ የተላከው በትንሽ ካርቶን ነው። 21 ሚሊግራም፣ በቀን ከ10 በላይ ለሚያጨስ። ስድስት ሳምንት በ21፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት በ14፣ ሁለት ሳምንት በ7። ላስቲኩ ልጅ እንዳይከፍተው ተብሎ በመቀስ ካልሆነ አይቀደድም። የላይኛው ክንዴ ላይ ለጠፍኩና በመዳፌ ይዤ አሥር ቆጠርኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቦታው አሳከከኝ፤ ሌላ ምንም።

ማስቲካውን 4 ሚሊግራም ነው የገዛሁት፤ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ እሱ ነው የሚታዘዘው። ስሙ ማስቲካ ይሁን እንጂ እንደ ማስቲካ አይታኘክም። ሁለት ሦስቴ ነክሶ በርበሬ በርበሬ ማለት ሲጀምር በጉንጭና በድድ መሀል ማስቀመጥ ነው፤ ሲጠፋ እንደገና። ሐሳቡ የመጣው ከስዊድን ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ማጨስ ስለማይችሉ ትንባሆ በአፋቸው ይይዙ እንደነበር ያስተዋሉ ሰዎች ለመድኃኒት ቀማሚው ኡቨ ፌርኖ ጻፉለት። ሁለት ፎቅ ከምድር በታች የምሠራው እኔ ዘመዶቻቸው ነኝ።

ዋናው ችግር ቡና ነው። ማስቲካው ከመግባቱ 15 ደቂቃ በፊትና አፍ ውስጥ እያለ ቡና አይጠጣም፤ ቡናው አፍን ስለሚያኮመጥጥ ኒኮቲኑ አይገባም። አብዛኛዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ «ቡና ቀስቃሽ ከሆነብሽ ለጊዜው በሻይ ተኪው» ይላሉ። ይሄን የጻፈው ሰው ረከቦት አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም። እማዬ ዕጣኗን አጭሳ፣ ቆሎውን አቅርባ፣ አቦል ቀድታ ስታቀብለኝ «ሻይ ይሻለኛል» ብል ታመምሽ ብላ ቴርሞሜትር ነው የምታመጣው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ማስቲካ ጾም ይፈታል? ፓችስ? የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ብዬ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ሲጋራውን በባዶ ሆዴ በጾም ሳጨስ ኖሬ ለማስቲካው ፈቃድ ልጠይቅ ማለቴ አሳቀኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ሦስት ቀን ሙሉ አንዲትም አልለኮስኩም። ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሌሊት ዓይኔ ተገልጦ ያድራል። ሐራራው ነው ብዬ ማስቲካ ጨመርኩ። ባሰብኝ።

ጥፋተኛው ቡናው ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበትን ስለሚያፋጥነው የአጫሽ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል። ይሄን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ ፓቹ አይተካውም። ሲጋራው ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ እርምጃው ይመለሳል፤ የለመድኳት ያቺው አቦል፣ ቶና፣ በረካ በደሜ ውስጥ እጥፍ ሆና ትቀመጣለች። እኔ ሐራራ የመሰለኝ ግማሹ የእማዬ ቡና ነበር።

ዛሬ ከቶና በኋላ «በቃኝ» አልኳት። ሲኒውን ይዛ አየችኝ። «በረካን ጥሎ የሚነሳ ሰው አላየሁም» አለች። እኔም አላየሁም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ዕቃ ላጥብ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ረሳሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕላስተር ነው፤ ትከሻዬን እያመመኝ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ያሽላል?»

«ያሽላል።»

እሑድ፣ መጋቢት 15

ትናንት አጨስኩ። አንድ ደንበኛ ትኬት ጠፋብኝ ብሎ መስታወቱን እየደበደበ ሲሰድበኝ፣ ከሄደ በኋላ ከጥበቃው ልጅ ተቀብዬ አንዷን እስከ ጫፏ። ጣዕሙ እንደ እርጥብ ካርቶን ነበር፤ ጨረስኳት ግን።

ከዚያ ክንዴ ላይ ያለው ፓች ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ፓች ለጥፎ ያጨሰ ይሞታል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲያ አይደለም፤ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2013 የማሸጊያውን ጽሑፍ አስለውጧል፤ ተሳስቶ ያጨሰ ሰው ፓቹን መተው አያስፈልገውም። ወደ 47848 «ኩዊት» ብለው ሲልኩ በየቀኑ መልእክት የሚልክ አገልግሎት ውስጥ ተመዝግቤ ነበር፤ ሲሳሳቱ «ስሊፕ» ብለው ይጽፋሉ። ጻፍኩ። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ አይዞሽ የሚል መጣ። ማሽን መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሌሊት በስድስት ሰዓት ጋራዥ ውስጥ ለአንድ ነገር «አጨስኩ» ብዬ በግልጽ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነው አራቱን የእንግሊዝኛ ፊደል የነካሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ጠዋት ገላዬን ታጥቤ ስወጣ እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባለች። ካርቶኑ ጭኗ ላይ ተከፍቷል፣ አንዱ ፓች ከነላስቲኩ በጥርሷ መሀል ነው፤ ልትቀደው ትታገላለች።

«ይሄ ነገር በምንድን ነው የሚቀደደው? ለጉልበቴ አንድ ልለጥፍ ብዬ…»

ከአፏ ነጠቅኳት። እናቴን እንዲህ አድርጌ አላውቅም። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ፣ ዕድሜ ልኳን ትንባሆ ያልቀመሰች ሴት ናት። 21 ሚሊግራም ላልለመደ ሰው ማስመለስ ነው፣ ራስ ማዞር ነው፣ ልብን ማስጋለብ ነው።

«የጉልበት አይደለም!»

«የትከሻ ብቻ ነው?»

«የትከሻም አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«የሲጋራ።»

ካርቶኑን ገልብጣ አየችው፤ ጽሑፉን ማንበብ አትችልም። «የማን ሲጋራ?» አለች።

«የእኔ።»

ቀሚሷን ቀስ ብላ ጉልበቷ ላይ መለሰችው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ያ እጇ አይጠፋኝም፤ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አለሰለሰችው። «ከመቼ ጀምሮ?» «ከመጣሁ ጀምሮ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።» ተነሥታ ወደ ማእድ ቤት ሄደች። ቡና ስትቆላ ይሰማኛል፤ ምንም አላለችም። ወደ ሥራ ስወጣም ምንም አላለችም።

ማታ ስመለስ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። መብራቱን ሳታበራ ነው ያወራችኝ።

«አባትሽ ሱረት ነበረበት» አለች። «አርባ ዓመት። ለንስሐ አባቱ እንኳ ሳይናገር ነው የሞተው። መሐረቡን የማጥበው እኔ ነበርኩ።»

ይሄን አላውቅም ነበር።

«ዐፄ ዮሐንስ ትንባሆ ያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። በሳቸው ጊዜ ቢሆን ቤተ ሰቡ በሙሉ…» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አቃተኝ። ከዚያ «በየትኛው ቀን ነው የተውሽው?» አለችኝ።

«መጋቢት 5።»

«በአቦ» አለች። ስለ ቅዳሜዋም ነገርኳት። «እሱን አልቆጥረውም» አለች፣ ቆጣሪዋ እሷ እንደሆነች ሁሉ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25

የዓለም ጤና ድርጅት ትናንት ሳራ የምትባል የሰው መልክ ያላት አማካሪ አውጥቷል። በ2020 ፍሎረንስ የምትባል ነበረችው፣ ሲጋራ ለማቆም የምታማክር፤ ይቺኛዋ ስለ ሌላም ጤና ታወራለች። ስምንት ቋንቋ ትችላለች፤ አማርኛ የለበትም። ለእማዬ ስልኬ ላይ አሳየኋት። የሳራን ፊት አጠገቧ አድርጋ ዐየችው። «ይቺ ልጅ አጭሳ ታውቃለች?» አለችኝ። «ሰው አይደለችም እኮ።» «እሱንማ አየሁ» አለች።

ሰው ያልሆነችው ግን የምትጠይቀው ነገር አላት፤ ፋገርስትሮም የጠየቀውን ዓይነት። ሰው የሆነው ሁሉ ለሃያ ዓመት ያልጠየቀኝን የደቂቃ ጥያቄ አንድ መጠይቅ ጠየቀኝ። እማዬን ለማስከፋት ስላልፈለግኩ አልተከራከርኩም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ነገሩን ከእማዬ ሰምቶ (አንድ ሳምንት አልፈጀም!) ደወለ። እሱ በፍሬ ነው የሚገዛው፣ ከሱቅ በደረቴ። አዋጅ 1112/2011 ከወጣ ወዲህ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ መሸጥም እንዲሁ። «ውጭ ቆመን ነው የምናጨሰው» አለኝ። «እኔም ሃያ ዓመት ውጭ ቆሜ ነው ያጨስኩት» አልኩት። ፓች የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ። ከዚህ ሰው ሲሄድ ልላክለት ተባባልን፤ መጀመሪያ ግን ስድስቱን ጥያቄ በስልክ አስሞላሁት። «ከነቃህ በስንት ደቂቃ?» ስለው ረጅም ዝምታ ሆነ። «ከነቃሁ ነው ወይስ ከተነሣሁ?» አለኝ። ሦስት ነጥብ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ስድስት ሳምንት ሞላኝ። ከቅዳሜዋ በስተቀር አንድም የለም። መሣሪያው 201 ዶላር ከ60 ሳንቲም ቆጥበሻል ይላል። የቅዳሜዋ ሲጋራ ከጥበቃው ልጅ የተቀበልኳት ስለሆነች ሒሳብ ውስጥ አትገባም።

ዛሬ ወደ 14 ወረድኩ። እማዬ አዲሱን ካርቶን ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጣ ትመረምራለች። ፊደሉን ባታነብም ቁጥሩን ታነባለች። «ይቺኛዋ አነስ ትላለች» አለች፣ ሁለቱን ፓች በመስኮቱ ብርሃን እያስተያየች። «ሃያ አንድ፣ አሥራ አራት… ቀጥሎ ሰባት ነው?»

«ሰባት ነው።»

«በሰባት በሰባት ነው የሚወርደው» አለች፣ የሆነ ነገር የተገለጠላት ይመስል። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

መቀስ አምጥታ ላስቲኩን ቆረጠች። «ክንድሽን አምጪ፤ የዛሬው በግራ ነው፣ ትናንት በቀኝ ነበር።» ለጠፈችውና መዳፏን አሳረፈችበት። መዳፏ ሽንኩርትና ዕጣን ይሸታል። መመሪያው አሥር ሰከንድ ይላል። እሷ አባታችን ሆይን ጀመረች፤ ከዚያ እመቤታችን ማርያም ሆይን። ሥራ ሊረፍድብኝ ነው፤ አሥር ሰከንድ እንደሚበቃ ግን አልነገርኳትም።